ካርዱ ላይ የነበረው ቃል

አባቴ ባረፈ በ39ኛው ቀን ከእንግሊዝ አገር አንድ ካርድ መጣ። ወንድሜ እዚያ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። ካርዱን የላኩት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ተገኝቶ በእጅ ነው የደረሰኝ። ነጭ ካርድ ነው፤ ፊቱ ላይ ሐምራዊ አበባ አለው። ውስጡ አንድ የታተመ ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩ 9 ሰዎች በየእጅ ጽሑፋቸው ስማቸውን አስፍረዋል።

እኔ ደሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። በማግስቱ የአባቴ አርባ ስለነበር ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አውጥቼ አንድ ጊዜ አየሁት። የሚከብድ ነገር የለበትም። ቃላቱን በሙሉ አውቃቸዋለሁ። መልሼ ከተትኩት።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያ ካርድ ላይ የነበረች አንዲት ቃል ግን እስከዛሬ ከራሴ አልወጣችም።

«ሐዘን ይገለጻል እንዴ?»

የአርባው ዕለት ቤቱ ጢም ብሏል። ቅሬያችን እንዳለ መጥቷል፤ እኛ ወሎ እድርን ቅሬ ነው የምንለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእርዱ በልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። የቅሬው ዳኛ ከፊቷ ናቸው። ሰባውን ያለፉ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ።

አክስቴ ናት ነገሩን ያነሣችው። «ከውጭ ካርድ መጥቷል እኮ» አለች። ሽማግሌው ቀና አሉ። «እስቲ አንብቢልን ልጄ። ምን ይላሉ?»

ተነሣሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነበብኩት። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወደ አማርኛ መለስኩት። «ልባዊ የሐዘን መግለጫችንን እናቀርባለን ይላል» አልኩ። ቀጥዬ ዘጠኙን ስም ጠራሁ።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን እንደያዙ ጥቂት ቆዩ። «ሐዘን ይገለጻል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ሊያርሙኝ ብለው አይደለም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። «መግለጫ የሚሰጥ መንግሥት ነው። እነዚህ ግን አንድ በአንድ ስማቸውን የጻፉ ሰዎች ናቸው። ሌላ ነገር ብለው ይሆናል። እስቲ ደህና አድርገሽ እይው።»

ካርዱን እንደገና ገለጥኩት። ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ ቆመ። ‘ኮንዶለንስ’ ትላለች። ይህችን ቃል 14 ዓመት አስተምሬያታለሁ። ከሰሌዳው በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በኩል ‘የሐዘን መግለጫ’ ብዬ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ። በፈተና ትመጣለች፤ ‘አዛምድ’ ውስጥ። አንድም ቀን ውስጧ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። እኔም እንደነሱ ገልብጫት ነው የኖርኩት።

«ይኸው ነው የሚለው አባባ» ብዬ ተቀመጥኩ።

እማዬ ምንም አላለችም። ካርዱንም አልጠየቀችኝም። ቡናው በረካ ደረሰ፤ ተመረቀ፤ ሰው ተነሣ። እኔ ግን አንድ ነገር አጉድዬ እንደተቀመጥኩ ተሰምቶኝ ነበር። 9 ሰዎች ባሕር አቋርጠው ለእናቴ አንድ ነገር ብለዋል። በመሐል የቆምኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀዘቀዘ።

ዶሌሬ

ደሴ እንደተመለስኩ መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። የቃሉን ትርጉም አይደለም የፈለግኩት፤ የመጣበትን ነው።

ቃሉ ላቲን ነው። ‘ኮን’ ማለት አብሮ፣ በአንድነት ማለት ነው። ‘ዶሌሬ’ ማለት መታመም ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ‘ኮንዶሌሬ’ ይሆናሉ፤ አብሮ መታመም። በቃ ይኸው ነው። መግለጽ የሚል የለበትም። ማቅረብ የሚልም የለበትም።

ዶሌሬ የሚባለው ግሥ ራሱ ደስ ይላል። ለአካልም ለልብም ይሆናል። እጁ የተቆረጠ ሮማዊም፣ ልጁ የሞተበት ሮማዊም በዚያው ቃል ነበር የሚናገሩት። ከላቲን የተወለደው ስፓኒሽ ዛሬም ራስ ምታት ሲናገር በዚሁ ግሥ ነው። ‘ዶሎሬስ’ የሚባል የሴት ስምም አላቸው፤ ‘ሕመሞች’ ማለት ነው፤ ከእመቤታችን ሐዘን የተወሰደ። እኛስ? «ጥርሴን አመመኝ» እንላለን። «ነገሩ አመመኝ» ብለንም እንላለን። አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቃል እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ቀጥታ መንገድ ነበረው። እኔ ነኝ በዙሪያ ጥምጥም የወሰድኩት።

ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ቃል ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ቩልጌት በሚባለው የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዕብራውያን 5፥2 ላይ አለ። ሊቀ ካህናቱ እሱ ራሱ ደካማ ስለሆነ ለሚሳሳቱት ይራራል የሚለው ቦታ ነው። አማርኛው ‘ሊራራላቸው’ ያለውን ላቲኑ ‘ኮንዶሌሬ’ ይለዋል። ከነሱ ጋር ሊታመም ይችላል እንደማለት። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ግሡ ቀደመ፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የደብዳቤና የካርድ ቃል ሆኖ ቀረ።

ዘመዶቹንም አገኘኋቸው። አንዱ ‘ኢንዶለንት’ ነው። እሱንም አስተምራለሁ፤ ‘ሰነፍ፣ ሃኬተኛ’ ብዬ። ሲገለጥ ግን ‘የማያመው’ ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ለማያም እብጠት የሚሉት የሐኪሞች ቃል ነበር። ዛሬም ቀስ ብሎ ለሚያድግ ዕጢ ይሉታል። ሰነፍ የሚለው ፍቺ ቆይቶ ነው የመጣ። ይህ ለብዙ ቀን አሳሰበኝ። በአንድ ሥር ላይ ሁለት ቃል በቅሏል። አንዱ ከሰው ጋር የሚያመው ነው። ሌላው ምንም የማያመው።

ሌላው ያስገረመኝ ‘ሶሪ’ ነው። ይህ ቃል የኛም ሆኗል። ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠ ሁሉ «ሶሪ» ይላል። ከጥንቱ እንግሊዝኛ ‘ሳር’ ከሚል ቃል ነው የወጣው፤ ቁስል፣ ሕመም ማለት ነው። ሐዘን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ቢመሳሰልም ሥራቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ «ሶሪ» ያለ ሰው፣ ቃሉን እስከ ሥሩ ከወሰድነው፣ «ቆስያለሁ» ነው ያለው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛን ከአማርኛ ላበልጥ አይደለም። እንግሊዞቹም ‘ኮንዶለንስ’ ሲሉ ስለ ላቲኑ የሚያስቡ አይመስለኝም። ቃሉ ለነሱም ካርድ ላይ ታትሞ የሚሸጥ ሆኗል። የኔ ቁጭት ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ የወሰድነው የቀዘቀዘውን ቅርፊት ነው። ትኩሱ ውስጡ ቀረ። ‘መግለጫ’ በሚል የቢሮ ቃል ጠቀለልነው። ዛሬ ሰው ሲሞት ፌስቡክ ላይ የሚጻፈውን ተመልከቱ። ጎረቤት ለጎረቤቱ «ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን» ይላል። ግድግዳ ለግድግዳ እየተዋሰኑ! እናቶቻችን እንደዚህ ብለው አያውቁም። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ነው የሚሉት። ሕመሙን ወደ ራሳቸው ነው የሚጎትቱት።

«የሐዘናችሁ ተካፋይ ነን» የሚለውስ? ይሄኛው ይሻላል። ግን እሱንም አገላብጬ አየሁት። መካፈል ውስጥ መክፈል አለ፤ ሲከፈል ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለውም ለዚህ ነው። ኮንዶሌሬ ግን ማቃለልን ተስፋ አይሰጥም። ያንተ ሕመም ባለበት አለ፤ እኔንም አሞኛል ነው የሚለው። ለኔ ይህ የበለጠ እውነት ይመስለኛል። አባቴ ሲሞት 200 ሰው ቤታችን መጥቷል። ሕመሜ በ200 አልተከፈለም። ግን ብቻዬን አልታመምኩም።

መዳፍ

‘አብሮ መታመም’ የሚለውን ባነበብኩበት ሌሊት አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ።

አባቴ የሞተው በጥር ነው። መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጉድጓዱን የቆፈሩት የቅሬው ወንዶች ናቸው። ዳኛው በዚያ ዕድሜያቸው «ለጓደኛዬማ እኔ አለሁ» ብለው ዶማ ያዙ። ሰው ሊቀበላቸው ቢል እምቢ አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በጠዋት፣ ሙስሊሙ ሽማግሌ የክርስቲያን ጓደኛቸውን መቃብር ቆፈሩ። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም።

ማታ ንፍሮው ቀርቦ እጅ ሳስታጥብ እሳቸው ዘንድ ደረስኩ። ውሃውን ሳፈስ እጃቸውን ቆጥበው ሰበሰቡት። አየሁት። ከአውራ ጣታቸው ሥር መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ቆዳው ተገልጦ ሥጋው ቀልቷል። ዳር ዳሩ ላይ የመቃብሩ አፈር አልለቀቀም። «ምነው አባባ?» ስላቸው «ምንም አይደል፣ ዶማው ነው» አሉ። እጃቸውን ሳያሽሹ ውሃውን እንዲሁ አንጠባጠቡት። ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

ያንን መዳፍ ነው ያስታወስኩት። ዶሌሬ ማለት ያ ነው። በአካል ያመማቸው ሕመም ነበር። በአባቴ ምክንያት፣ ከኛ ጋር፣ በዚያው ቀን።

አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ 3 ቀን ሙሉ ከምጣዱ አልተነሣችም። ዓይኗ በጢስ አብጦ ነበር። የልቅሶውና የጢሱ ተደበላልቆ የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

እርግጥ ነው፣ ቅሬ ግዴታም አለበት። የቀረ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከዚያ የባሰ ቅጣት ደግሞ የለም። ወጣት ሳለሁ ይህ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ቅጣት ፈርቶ የመጣ ሰው ምን ዓይነት ሐዘንተኛ ነው እል ነበር። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለ? ታዲያ ልቡ ያልመጣ ሰው እግሩ ቢመጣ ምን ዋጋ አለው?

አሁን እንደዚያ አይታየኝም። የዶማው እጀታ ወዶ የመጣውንም ፈርቶ የመጣውንም እኩል ይልጣል። የመሬቱ ቅዝቃዜ ሁሉም ወገብ ውስጥ ይገባል። ድንኳን ውስጥ ከልቡ ሳይሆን ተቀምጦ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ከልቡ ያለቀሰ ሰው አይቻለሁ። አካል ቀድሞ ይሄዳል፤ ልብ አንዳንዴ ይከተላል። አያቶቻችን ቅሬን ሲሠሩ ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ልብን ማዘዝ አይቻልም። እግርን ግን ማዘዝ ይቻላል።

ያ ሁሉ የቅርብ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ያሉትስ 9 ሰዎች ምናቸውን አመማቸው? ይህ ጥያቄ ሲያስቸግረኝ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። መርዶውን የሰማው በሌሊት ተረኝነት ላይ ሳለ ነበር። ይህን አልነገረኝም ነበር። አንዷ የሥራ ባልደረባው ሻይ አፍልታ አጠገቡ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። እስኪነጋ አብራው ቆየች። «ሻዩ ቀዘቀዘ» አለኝ፤ «ሁለታችንም አልጠጣነውም።» ሌሎቹ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የሱን ተረኛነት ተከፋፍለው ሠሩለት። የራሳቸውን ሌሊት ሠርተው ሲያበቁ የሱንም ሌሊት ሠሩ። ለአገሩ መምጣት ያልቻለው ወንድሜ ለካ እዚያም ለቅሶ ደራሽ ነበረው።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። እኔ ‘መግለጫ’ ብዬ ያነበብኩት ይህን ነው።

ብድር

በግንቦት ኮምቦልቻ ወረድኩና ዳኛው ቤት ሄድኩ። ቃሉን እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። ኮን እንዲህ ነው፣ ዶሌሬ እንዲህ ነው አልኩ። ልክ እንደ ክፍል ውስጥ።

አዳመጡኝና እሳቸውም የራሳቸውን ጨመሩ። «የኛ ተዕዚያ ነው» አሉ። «ዐዛእ ማለት ሰብር ነው። ስለዚህ ተዕዚያ ስንል ሰብር አድርግ፣ ቻለው እያልን ነው። እናንተስ?»

«እኛ ማጽናናት እንላለን» አልኳቸው። ስናገረው ነው እኔም የሰማሁት። ጸና ከሚለው ነው። የሚንቀጠቀጠውን ሰው አጽንቶ ማቆም። «እግዜር ያጽናሽ» ስንል የኖርነው ይህን ነው። ስፓኒሾቹ ደግሞ ‘ፔሳሜ’ ይላሉ፤ ‘ከበደኝ’ ማለት ነው። ይህንንም ነገርኳቸው።

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉ ሽማግሌው። በጣታቸው ቆጠሩ። «አንዱ ቻለው ይላል። አንዱ ጽና ይላል። አንዱ ከበደኝ ይላል። እነዚያ ደግሞ አብረን ታመምን አሉ።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ለእናትሽ እንደሱ አድርገሽ አንብቢላት። እኔ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን አልሰማችም።»

ማታውን አነበብኩላት። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። «ከእናንተ ጋር አብረን ታመናል» አልኳት፤ «ካርዱ የሚለው እንደሱ ነው።» እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ስማቸውን ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። በሁሉም ላይ ጠየቀችኝ፤ ወንድ ነው ሴት፣ ልጅ አላት ወይ፣ እናትና አባቷ በሕይወት አሉ ወይ። የማውቀውን ያህል ነገርኳት። የሻዩን ነገር ስነግራት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ከዚያ ካርዱን ተቀበለችኝ። የአባቴ መነጽርና የቅሬው ደረሰኞች ያሉበት ሣጥን አላት። እዚያ ውስጥ አስቀመጠችው። «የነሱ ሰው ሲሞት ወንድምሽ ይንገረኝ» አለች። «ለቅሶ ብድር ነው።»

ባለፈው ወር ወንድሜ ደወለ። ያቺ ሻይ ያፈላችው ልጅ እናቷ ሞተውባታል። ለእማዬ ስነግራት ደረቷን መታች። የማታውቃቸው ሴት ናቸው። «ወይኔ እናቴን!» አለች። ወዲያው ካርድ እንድገዛ አዘዘችኝ።

ፒያሳ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነጭ ካርድ ገዛሁ። ያቺን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ኮንዶለንስ። ሌላ ቃል አልፈለግኩም። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ። «አብረን ታመምን» አልኳት። ብዕሩን ተቀበለችኝ። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስሟን በአማርኛ ቀስ ብላ ጻፈች፤ እያንዳንዷን ፊደል እየተጫነች። ጨርሳ ካርዱን ራቅ አድርጋ አየችው።

«ቅሬውስ?» አለችኝ።

እሑድ ካርዱ በቅሬው ስብሰባ ላይ ዞረ። መጀመሪያ የፈረሙት ዳኛው ናቸው። ከዚያ ያቺ ጎረቤታችን። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ውስጡ ሲሞላ ገልብጠን ጀርባው ላይ ቀጠልን።